ኢሴንሺያል ትሬመር፦ የእጅ መንቀጥቀጥ የዕለት ኑሮን ምን ያህል እንደጎዳ በምን እንለካ?

ነርቭ_ተመላላሽ (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ። ኢሴንሺያል ትሬመር (እጅ ሲዘረጋ ወይም ሲሠራ የሚንቀጠቀጥበት የነርቭ ሕመም) ያለበት ሰው እጁን ሲዘረጋ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚንቀጠቀጥ ገምቶ መጻፍ ብዙም አያስቸግርም። ያ ሰው ቡናውን ሳያፈስ ይጠጣል ወይ፣ ቁልፉን ከቀዳዳው ያገናኛል ወይ፣ ባንክ ቤት ፊርማው አንድ ይሆንለታል ወይ የሚለው ግን ሌላ ልኬት ነው። መንቀጥቀጡን የሚቀንሱትን መድኃኒቶች፣ ፕሮፕራኖሎል ወይም ፕሪሚዶን፣ ለመጀመርም ሆነ መጠኑን ለመጨመር የምንወስነው በዚህኛው ነው።

የምንሠራበት መለኪያ ቴትራስ ነው። ለማያውቁት ባጭሩ፦ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በቃለ መጠይቅ የሚሞላ የዕለት ተግባር ክፍል ነው፤ 12 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4፣ ድምሩ 48። መናገር፣ በማንኪያ መብላት፣ በብርጭቆ መጠጣት፣ የግል ንጽህና፣ ልብስ መልበስ፣ መቅዳት፣ ሰሃን ወይም ትሪ ይዞ መሄድ፣ ቁልፍ መጠቀም፣ መጻፍ፣ ሥራ፣ ከሁሉ በላይ የተጎዳው ተግባር፣ ማኅበራዊ ኑሮ። ሁለተኛው መርማሪው እያየ የሚሞላው ነው፤ 9 ንጥል፣ ድምሩ 64።

ሦስት ነገር ላይ ምክር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ «በማንኪያ መብላት» በእጁ እንጀራ ለሚበላ ሰው እንዴት ይጠየቅ? ሁለተኛ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ታካሚዎችን የመጻፍ ንጥል ላይ ምን እናድርግ? ሦስተኛ፣ ታካሚው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል፤ አብራው የመጣችው ልጁ ደግሞ ከኋላ ራሷን ትነቀንቃለች። የማንን እንመዝግብ?


እጅ_ለሥራ (ኦኩፔሽናል ቴራፒስት)

ዶክተር፣ ከሦስተኛው ልጀምር፤ ሌሎቹም የሚፈቱት እሱ ሲፈታ ነው።

ስህተቱ ያለው «ይቸገራሉ ወይ?» ብሎ መጠየቁ ላይ ነው። በእኛ ቋንቋ ለዚህ ጥያቄ ጨዋው መልስ «ደህና ነው» ነው። ስለዚህ «ችግር» የሚለውን ቃል ትቶ ስለ አደራረጉ መጠየቅ ይሻላል። «ዛሬ ጠዋት ሻይ ወይም ቡና ጠጥተዋል? በምን ጠጡ? ማን ቀዳልዎት? እስከ የት ተሞላ? በአንድ እጅ ነው በሁለት?» በዚህ መንገድ ሲጠየቅ ታካሚው ራሱን የሚያማርር አይመስለውም፤ የሆነውን ይናገራል።

ይህ የሚያስፈልገው የቴትራስ ነጥብ አሰጣጥ ራሱ የሚጠብቀው ስለሆነ ነው። የማንኪያው ንጥል ላይ 1 ማለት መንቀጥቀጥ አለ፣ ግን አያውክም። 2 ትንሽ ይፈሳል። 3 ብዙ ይፈሳል፣ ወይም ደግሞ ሰውየው አደራረጉን ለውጧል፤ ሁለት እጅ ይጠቀማል፣ ወደ ሰሃኑ ያጎነብሳል። 4 አይችልም። «ወይም ደግሞ» የምትለዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። አንዲት ጠብታ ሳያፈስ 3 የሚያገኝ ሰው አለ።

ሲኒን ተመልከቱ። እጀታ የለውም፤ ጠርዙን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ ነው የሚነሳው፤ ቡናው ትኩስ ነው፣ እስከ አፉ ይሞላል። የሚንቀጠቀጥ ሰው ምን እንደሚያደርግ ልብ በሉ። «ጎደል አድርጊልኝ» ይላል። ክርኑን ከጎድኑ ያጣብቃል። ግራ እጁን ከሥር ይደግፋል። ሲኒውን ወደ አፉ በማምጣት ፈንታ አንገቱን ወደ ሲኒው ዝቅ ያደርጋል። ወይም እስኪበርድ ጠብቆ በአንድ ጊዜ ይጨልጠዋል። እነዚህ ሁሉ የአደራረግ ለውጥ ናቸው። በቃል ሲጠየቅ «ቡና እጠጣለሁ፣ ምንም አልሆንም» ይልዎታል፤ እውነቱንም ነው።

መንቀጥቀጡ ከረከቦቱ ሲነሳ ቀላል ሆኖ አፍ ጋ ሲደርስ የሚብሰውም እጁ ወደ ዒላማው ሲቃረብ በብዙ ሰዎች ስፋቱ ስለሚጨምር ነው። ስለዚህ ሲኒው ከጠረጴዛ ሲነሳ ብቻ አይታችሁ ነጥብ አትስጡ፤ ከንፈር እስኪነካ ጠብቁ።

ሌላው «ይችላሉ?» እና «ያደርጋሉ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸው ነው። ቡና ቀድተው የማያውቁ አባት «መቅዳት አያስቸግረኝም» ቢሉ ያ 0 አይደለም፤ ያልተሞከረ ነገር ነው። በተገላቢጦሹ ልጃቸው ሁሉን የምታደርግላቸው እናት «አልቸገርም» ካሉ፣ «ልጅዎ ባትኖር ማን ይቀዳ ነበር?» ብሎ መከተል ያስፈልጋል። ልጅቷ ራሷን ስትነቀንቅ ያንን በታካሚው ፊት ወደ ክርክር አታምጡት። በቅጹ ጠርዝ «ቤተሰብ፦ 3» ብላችሁ ለብቻው ጻፉት፤ የታካሚውን ነጥብ አትደምስሱት።


ሚዛን_ትርጉም

እጅ_ለሥራ ባሉት ላይ የቃል ጉዳይ ልጨምር። ስንተረጉም «መንቀጥቀጥ» ብቻ ብለን ካለፍን የተለያየ ሰው የተለያየ ነገር ይሰማል። ለአንዱ የሚጥል በሽታ ነው፣ ለሌላው የወባ ብርድ ነው። «መርበትበት» ደግሞ ወደ መደንገጥና ወደ ኀፍረት ይወስዳል። የተሻለ ሆኖ የተገኘው ከእንቅስቃሴው ጋር አያይዞ ማለት ነው፦ «ዕቃ ሲያነሱ ወይም እጅዎን ሲዘረጉ የእጅዎ መንቀጥቀጥ»። ሲያርፍ የሚንቀጠቀጠውንም በዚያው ለመለየት ይረዳል።

«መፍሰስ» ላይም ጥንቃቄ። ነጥብ 2 እና ነጥብ 3ን የሚለየው የፈሰሰው መጠን ነው፤ አማርኛ ለዚህ ጥሩ ቃል አለው። ለ2 «ይንጠባጠባል»፣ ለ3 «ይፈሳል» ብላችሁ ስትጠይቁ ታካሚው ራሱ ይለይላችኋል። «በመጠኑ»፣ «በመካከለኛ ደረጃ»፣ «በከፍተኛ ደረጃ» የሚሉት የቢሮ ቃላት ግን ለማንም ምንም አይሉም።

አሁን ወደ ማንኪያው። እባካችሁ ንጥሉን አውጥታችሁ በ«እንጀራ መጉረስ» አትተኩት። ከተካችሁት ድምሩ ከ48 መሆኑ በስም ብቻ ይቀራል፤ ከሌላ አገር ውጤት ጋርም ሆነ ከራሳችሁ የቀድሞ ፋይል ጋር ማነጻጸር አትችሉም። ከዚያም በላይ ጉርሻ የማንኪያን ያህል አያጋልጥም። እንጀራው ወጡን ይጠቀልለዋል፤ እጅ ቢንቀጠቀጥም ክትፎ አይፈስም፣ ቀጠን ያለ ሽሮ ግን ይንጠባጠባል። ሁለቱ ተግባራት ችግራቸው እኩል አይደለም።

የማንኪያውን ጥያቄ እንዳለ ያዙና ምሳሌውን አገርኛ አድርጉት፤ ሾርባ፣ አጥሚት፣ የሽሮፕ መድኃኒት። ስኳር በማንኪያ ወደ ሻይ መጨመርንም ለማስታወሻ ጠይቁ፤ ምግብ ወደ አፍ ስላልሆነ ነጥብ አይሰጠውም፣ ነገር ግን ማንኪያ የማይነካ የሚመስለው ሰው በቀን ሁለት ሦስቴ የሚያደርገው ነው። እንጀራ መጉረስን፣ ከጀበና መቅዳትን፣ ጓጉንቸር መክፈትን፣ ጧፍ መያዝን፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባትን፣ ሳንቲም ቆጥሮ መስጠትን በሌላ ወረቀት ላይ ለብቻቸው ከ0 እስከ 4 መዝግቡ። ያንን ወረቀት ከቴትራስ ድምር ጋር ፈጽሞ አትደምሩት።

ትርጉሙ ራሱ በትክክል መሠራት አለበት። መጀመሪያ ከመለኪያው ባለቤቶች ፈቃድ ይጠየቃል። ሁለት ሰው ለየብቻ ይተረጉማል፣ ይታረቃል፣ መነሻውን ያላየ ሦስተኛ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፣ ከዚያ ለታካሚዎች ይነበብና «ይህ ጥያቄ ምን ያለዎት ይመስልዎታል?» ይባላሉ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ስህተቱ የሚገኘውም እዚያ ነው።


ነርቭ_ተመላላሽ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ላብራራ። «ሥራ» የሚለው ንጥል ጡረታ ለወጡትና ለቤት እመቤቶች ይቀራል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። አይቀርም። ጡረተኛው አሁንም ሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ ተብሎ ይጠየቃል፣ የቤት እመቤት ደግሞ ስለ ቤት ሥራዋ።

የመጻፉ ጉዳይ ግን አልተነካም።


ፊዚዮ_ምዘና

የመጻፉን እኔ ልሞክር። ሁለት ቦታ ነው ያለው። በቃለ መጠይቁ ውስጥ «መጻፍ» አለ፤ በምርመራው ክፍል ደግሞ ዓረፍተ ነገር ያስጽፋል።

ጽሑፍ ለማያውቅ ሰው ሁለቱም «አልተሠራም» ተብለው ባዶ ይቀራሉ። 0 አይጻፍ። 0 ማለት «ደህና ይጽፋል» ማለት ነውና ድምሩን በሐሰት ያሳንሰዋል። 4ም አይጻፍ፣ ትሬመሩ አላገደውማ። የዕለት ተግባሩን ክፍል ድምር ስትጽፉ «ከ44» ብላችሁ አመልክቱ፣ በሚቀጥለውም ቀጠሮ ያንኑ 44 ተጠቀሙ።

ለሚጽፉትም ቢሆን የእኛ ፊደል ችግር አለው። የእንግሊዝኛው ቅጽ የሚያስጽፈው በተያያዘ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ብዕሩ ከወረቀቱ ሳይነሳ እንዲሄድና መንቀጥቀጡ በመስመሩ ላይ እንዲታይ። ፊደላችን ተያይዞ አይጻፍም፤ በየፊደሉ ብዕሩ ይነሳል፣ እጁ ያርፋል። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር መንቀጥቀጡን ከእንግሊዝኛው አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። በሌላ በኩል ፊደላችን አንድ የሚያጋልጠው ቦታ አለ፤ የካዕብ፣ የሣልስ፣ የራብዕና የኃምስ ምልክቶች። ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤን የሚለዩት ትንንሽ ቅጥያዎችና የእግር ርዝመት ናቸው። በሚንቀጠቀጥ እጅ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው፤ አካሉ ይነበባል፣ ድምፁ አይለይም። «ሁለት ቤት ገዛ» ብሎ የጻፈው «ህላት ባት» ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ለክትትል ራሳችሁ የምታስጽፉት ዓረፍተ ነገር ካለ እነዚህ ምልክቶች የበዙበት ይሁን፣ በየቀጠሮውም አንድ ዓይነት ይሁን።

በምርመራው ክፍል የሚሣለው ጠመዝማዛ መስመር ግን ፊደል አይጠይቅም፤ ዋናው መተማመኛ እሱ ይሁን። አሠራሩ ላይ የማያቸው ግድፈቶች እነዚህ ናቸው፦

መስመር የሌለው ወረቀት ይሁን፤ የወረቀቱን ሩብ ያህል የሚይዝ፣ በመስመሮቹ መካከል 1.3 ሳ.ሜ. ያህል ክፍተት ያለው ጠመዝማዛ እናንተ ሥላችሁ አሳዩ፣ ከዚያ ይገልብጥ። እስክርቢቶ እንጂ እርሳስ ወይም ማርከር አይሁን፤ ማርከር ጥቃቅኑን ሞገድ ይውጠዋል። ወረቀቱን በፕላስተር አጣብቁ፣ አለዚያ ታካሚው በሌላ እጁ ሲይዝ ይደገፋል። ክንዱ፣ አንጓውም ሆነ ትንሿ ጣቱ ጠረጴዛውን አይንካ። ውጤቱን የሚያበላሸው ከሁሉ በላይ ይኸው መደገፍ ነው፤ የጣት ጫፍ ብቻ እንኳ ቢያርፍ ስዕሉ በጣም ይሻሻላል። ሁለቱም እጅ ለየብቻው። ነጥብ የምትሰጡት ለስዕሉ ነው፣ ለክንዱ አይደለም።

ክንድ ሲመረመር «አይንቀጥቀጥብኝ ብለው አይያዙት፣ ይልቀቁት» በሏቸው። ታካሚዎች ሐኪም ፊት ጨምድደው ይይዙታል። እጅ ወደ ፊት ተዘርግቶ ለ5 ሴኮንድ፣ ጣቶች ሳይነካኩ። ከዚያ ክርን ወደ ጎን ወጥቶ፣ የሁለቱ እጅ ሌባ ጣቶች ሳይነካኩ ፊት ለፊት፣ ለ20 ሴኮንድ። ይቺን 20 ሴኮንድ አታሳጥሯት፤ የአንዳንዱ ሰው መንቀጥቀጥ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ከዚያ ጣት ወደ አፍንጫ ሦስት ጊዜ። የሚመዘገበው የታየው ትልቁ ስፋት ነው፤ ከ1 እስከ 3 ሳ.ሜ. 2፣ ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ. 2.5፣ ከ5 እስከ 10 ሳ.ሜ. 3፣ ከ10 እስከ 20 ሳ.ሜ. 3.5፣ ከ20 በላይ 4። ዓይናችሁን ለማልመድ ከታካሚው ጀርባ ግድግዳ ላይ ማስመሪያ ለጥፉ።


አረጋዊ_ክሊኒክ

ፋን-ቶሎሳ-ማሪን የተባለውን የቆየ መለኪያ የምንጠቀም አለን። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ነው። ቶሎሳ ሲባል የእኛ አገር ሰው የሚመስላቸው ተማሪዎች አሉ፤ የባርሴሎናው ነርቭ ሐኪም ኤድዋርዶ ቶሎሳ ናቸው። ከቴትራስ ጋር ሲተያይ ምን ጉድለት አለው?


ፊዚዮ_ምዘና

ዋናው ጉድለቱ ጣሪያው ዝቅ ማለቱ ነው። እሱ ላይ ከ4 ሳ.ሜ. በላይ ከሆነ ሁሉም 4 ነው። 5 ሳ.ሜ. የሚንቀጠቀጠውና 25 ሳ.ሜ. የሚንቀጠቀጠው አንድ ቦታ ይቀመጣሉ፤ ከባድ ታካሚ በመድኃኒት ቢሻለውም ቁጥሩ አይነቃነቅም።

መጣል የሌለበት አንድ ነገር ግን አለው፤ ውሃ ማገላበጥ። 8 ሳ.ሜ. ያህል ቁመት ያላቸው ጠንካራ የፕላስቲክ ኩባያዎች፣ አንዱ ከአፉ 1 ሳ.ሜ. እስኪቀር በውሃ ይሞላል፣ ወደ ሌላው ይገለበጣል፣ እያንዳንዱ እጅ ለየብቻ። ሳያፈስ ግን ተጠንቅቆ ከሆነ 1፣ እስከ 10 በመቶ ከፈሰሰ 2፣ ከ10 እስከ 50 በመቶ 3፣ አብዛኛው ከፈሰሰ 4። በዓይን አትገምቱ። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ላይ ደረቅ ትሪ አስቀምጡ፣ ዜሮ አድርጉ፣ የፈሰሰውን መዝኑ። 1 ግራም ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ኩባያው 150 ሚሊ ሊትር ከያዘ መስመሩ 15 ግራም ላይ ነው ማለት ነው። በዓይን ሲታይ 15 ግራም ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ብዙ ይመስላል፤ ብዙዎች 3 የሚሰጡት በዚህ ነው።


እጅ_ለሥራ

በዚሁ መንገድ ጀበናውንም መለካት ይቻላል፤ ለተጨማሪው ወረቀት እንጂ ለቴትራስ ድምር አይደለም። አሠራሩ፦

ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። ትኩስ ነገር ለምርመራ አይቀርብም። ጀበናው ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ ባዶ ክብደቱን መዝናችሁ ከሥሩ ጻፉበት፤ ቢሰበርና ሌላ ቢገዛ የድሮው ውጤት ከአዲሱ ጋር አይወዳደርምና። 500 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጨመርበት። ስድስት ሲኒ ትሪ ላይ ይደርደር፣ በመካከላቸው ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። ታካሚዋ ቤቷ እንደምታደርገው ዝቅ ካለ በርጩማ ላይ ትቀመጥ። ሲኒዎቹን ከጠርዛቸው 1 ሳ.ሜ. እስኪቀር ትሙላ። ሰዓት ያዙ። ሲያልቅ ሲኒዎቹን አንሥታችሁ ትሪው ላይ የቀረውን መዝኑ።

ግራሙ ብቻውን አይበቃም። ዓይናችሁ የጀበናው አፍ ላይ ይሁን። በልማድ ሲቀዳ ከፍ ተደርጎ ነው፤ ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። የምትንቀጠቀጥ ሴት አፉን አውርዳ በሲኒው ከንፈር ላይ ታስደግፈዋለች፤ ሸክላ ከሲኒ ሲጋጭ ቅጭልጭል የሚል ድምፅ ይሰማል። ምንም ላይፈስ ይችላል። ያ ድምፅ ከተሰማ ግን አደራረጉ ተለውጧል፣ 3 ነው። ግራ እጅ ከጀበናው ሆድ ሥር ከገባም እንዲሁ።

እንግዳ ሲመጣ ማን እንደሚቀዳም ጠይቁ። ለራሷ ቤተሰብ የምትቀዳ፣ እንግዳ ሲኖር ግን ለልጇ የምትተው ሴት የማኅበራዊው ንጥል ላይ ነጥብ አላት። ሰርግና ለቅሶ መቅረት የጀመረም እንዲሁ።


ነርስ_ተረኛ

ሁላችሁም ስለ ፈተናው አወራችሁ፤ ሰዓቱ ግን ካልተመዘገበ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። እያንዳንዱ ቅጽ ራስጌ ላይ የሚከተለው ይኑር።

የመጨረሻው መድኃኒት የተዋጠበት ሰዓት። ቡና ከስንት ሰዓት በፊት፣ ስንት ሲኒ። ጫት፣ ዛሬ ወይም ትናንት ማታ። ሳልቡታሞል ፓፍ (የአስም መድኃኒት)። ራሳቸው መንቀጥቀጥ የሚያመጡትን ሶዲየም ቫልፕሮኤት ወይም ሊቲየም የሚወስድ ከሆነ። ምግብ በልቷል ወይስ ጾም ላይ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው 8 ሰዓት ላይ ሲመረመርና ከፋሲካ በኋላ በልቶ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲመረመር ልዩነቱ የመድኃኒቱ ላይመስል ይችላል፤ ረሃብና ድካም ራሳቸው መንቀጥቀጥን ያባብሳሉ። ስለዚህ ቀጠሮው በተቻለ መጠን በአንድ ሰዓት ይያዝ።

ሰዓት ስትጽፉ ደግሞ የቱ አቆጣጠር እንደሆነ ምልክት አድርጉ። «2፡00» በእኛ ከሆነ ጠዋት ነው፣ በስልኩ ከሆነ ከቀትር በኋላ። ስድስት ሰዓት የተሳሳተ መረጃ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም አያገኘውም። ቀኑም እንዲሁ፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ተብሎ ይጻፍ።

ፕሮፕራኖሎል ያለባቸው ሁሉ የልብ ምትና የደም ግፊት አብሮ ይለካ። አስም ያለበትን ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ ጠይቁ፤ ፕሮፕራኖሎል የማይሰጣቸው ናቸው።


ስፕሪንግ_አስተርጓሚ

እኔ የምጽፈው ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሕክምና አስተርጓሚዎችን በሚመለከት ነው። እዚህ ታካሚው አማርኛ፣ መርማሪው እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ቁጥሩ የሚበላሸው በመካከል ነው።

ታካሚው «ምንም አይልም፣ ይመስገን» ሲል አስተርጓሚው «ችግር የለም» ብሎ ካስተላለፈ መርማሪው 0 ይጽፋል። ትክክለኛው ቃሉን እንዳለ አስተላልፎ፣ ይህ አባባል የጨዋነት መልስ ሊሆን እንደሚችል ለመርማሪው መንገርና «እንዴት አድርገው እንደሚጠጡ ያሳዩን» እንዲባል ማድረግ ነው። ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲያስተረጉሙ አታድርጉ። በተለይ ሁለት ጥያቄዎች በልጅ አንደበት አያልፉም፤ የማኅበራዊ ኑሮውና የመጠጡ። አልኮል የብዙ ሰዎችን ትሬመር ለጥቂት ሰዓት ያበርዳል። ስለዚህ ጠላ ወይም አረቄ ቀምሰው ለቅሶ ቤት የሚሄዱ አሉ፤ ይህን በልጃቸው ፊት አይናገሩም። ሳይጠየቅ ከቀረ ደግሞ ያ ሰው በጠጣበት ሰዓት ያለው አቅም እንደ መደበኛ ይመዘገባል።

ሌላ መለኪያም እዚህ ይሠራል፤ የቤይንና የፊንድሊ 25 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 4። 1 ያለ ችግር፣ 2 በትንሽ ጥረት፣ 3 በብዙ ጥረት፣ 4 ብቻዬን አልችልም። ጫማ ማሰር፣ የልብስ ቁልፍ መቆለፍ፣ ፖስታ ውስጥ ደብዳቤ ማስገባት፣ ሶኬት መሰካት ያሉበት ነው። ዝቅተኛው ድምር 25 እንጂ 0 አይደለም። ወደ በመቶ ስትለውጡ መጀመሪያ 25 ቀንሱ፣ ከዚያ ለ75 አካፍሉ። 55 ያገኘ ሰው 40 በመቶ ነው፤ 55 በመቶ ተብሎ ሲጻፍ ይታያል።


ባዮሜዲካል_ምልክት

በስልክ መለካት ለሚያስቡ። ስልክ ውስጥ ያለው አክስለሮሜትር ፍጥንጥነት ነው የሚለካው፣ ርቀት አይደለም። የኢሴንሺያል ትሬመር ድግግሞሽ ከ4 እስከ 12 ኸርዝ ነው፤ በሴኮንድ 100 ጊዜ መመዝገብ ይበቃል። ወደ ርቀት ለመመለስ ፍጥንጥነቱን በ(2 × 3.14 × ድግግሞሽ) ካሬ ማካፈል ነው። በ5 ኸርዝ የሚንቀጠቀጥ እጅ ጫፉ 1 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ካሳየ ርቀቱ 1 ሚ.ሜ. ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሚ.ሜ.። ያው ፍጥንጥነት በ10 ኸርዝ ቢሆን ርቀቱ ሩብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎችን በፍጥንጥነት ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

ሦስት ነገር ያበላሻል። አንደኛ ክብደት፤ 200 ግራም ስልክ በእጅ መያዝ ራሱ ሌላ ተግባር ነው፣ ጥቂት ግራም የሚመዝን ሴንሰር በእጅ ጀርባ ላይ ማሰር ይሻላል። ሁለተኛ ስበት፤ እጁ በ5 ዲግሪ ሲዘም ብቻ 0.85 ሜትር በሴኮንድ ካሬ የሐሰት ምልክት ይገባል። ዝግ ብሎ የሚዘመውን ከ3 ኸርዝ በታች ያለውን በማጣራት ማውጣት ይቻላል፤ እጁ በትሬመሩ ድግግሞሽ ሲወዛወዝ የሚገባውን ግን ማጣሪያ አይለየውም፣ ጋይሮስኮፕ (የመዞር ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር) ያስፈልጋል። ሦስተኛ ጣሪያ፤ 5 ሳ.ሜ. ከጫፍ ጫፍ በ5 ኸርዝ ወደ 2.5 ጂ (የመሬት ስበት 2.5 እጥፍ) ይጠጋል። ሴንሰሩ በ±2 ጂ ከተስተካከለ ከባዱ ታካሚ ተቆርጦ ቀላል ይመስላል።


ነርቭ_ተመላላሽ

መሣሪያው «50 በመቶ ቀንሷል» ሲል በቴትራስ ግን ግማሽ ነጥብ ብቻ ሲወርድ የቱን እንመን?


ፊዚዮ_ምዘና

ሁለቱም ልክ ናቸው። ነጥቡና ስፋቱ የተያያዙት በሎጋሪዝም ነው፤ ኤልብልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይተውታል። አንድ ነጥብ ሲወርድ ስፋቱ ወደ ሢሶው ይቀንሳል ማለት ይቻላል። ከ3 ወደ 2 መውረድ 33 በመቶ መሻል አይደለም፣ ወደ 68 በመቶ ይጠጋል። ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ 0.6 ነጥብ ያህል ነው። 6 ሳ.ሜ. ወደ 3 ሳ.ሜ. ሲወርድ በቴትራስ ከ3 ወደ 2.5 ነው፤ ልክ ይመጣል።

ለታካሚው ግን ይህ ስሌት ምንም ላይሆን ይችላል። 12 ሳ.ሜ. የነበረው 6 ሳ.ሜ. ቢሆን በግማሽ ቀንሷል፤ ብርጭቆ አሁንም አያነሳም፣ የዕለት ተግባሩ 4 እንደነበረ 4 ነው። 2 ሳ.ሜ. የነበረው 1 ሳ.ሜ. ሲሆን ደግሞ በአንድ እጁ ሻይ ሊጠጣ ይችላል። መሣሪያው ለሁለቱም «50 በመቶ» ይላል። ለዚህ ነው ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ ጽፈን፣ የመድኃኒት መጠን ስንወስን የመጀመሪያውን የምናየው። 11ኛው ንጥል ላይ ታካሚው «ከሁሉ የባሰብኝ» ያለውን ተግባር በቃሉ ጻፉት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ተግባር ከጠራ ያም ለውጥ ነው፤ የመጀመሪያው ስለተሻለው ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጨርሶ ስለተወው። ጠይቁት።


አረጋዊ_ክሊኒክ

ለእጅ_ለሥራ አንዲት ጥያቄ ላክል። ጀበናው ሲሞላ ከብዶ መንቀጥቀጡ የሚቀንስላቸው፣ ሲጎድል የሚብስባቸው አሉ። ይህ አያዛባም?


እጅ_ለሥራ

ያዛባል፤ ክብደት የአንዳንዱን እጅ ያረጋል፣ ሌላውን ያደክማል። ስለዚህ 500 ሚሊ ሊትሩ አይለዋወጥ፣ የመጀመሪያውና የስድስተኛው ሲኒ አሞላል ለየብቻ ይጻፍ። ስድስተኛው ላይ ብቻ ከፈሰሰ ታካሚዋን ቤት ውስጥ ጀበናው ሊያልቅ ሲል ምን እንደምታደርግ ጠይቋት። ብዙውን ጊዜ መልሱ «ያኔ ለልጄ እሰጣታለሁ» ነው፤ ያንን ቃሏን ቅጹ ላይ እንዳለ ጻፉት።